ለአወያይ 6,000 ብር ከፈልን

«ለማውራት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?»

ይህን ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አትጠይቁኝ። ባለቤቴ ጠይቃኛለች። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ጠይቆኛል፣ እሱማ ሦስት ጊዜ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የምታፈላልኝ ልጅ እንኳ ሰምታ ስቃብኛለች። መልሱ አዎ ነው። ይከፈላል። ከፍለናልም። 6,000 ብር፣ ከዕድሩ ካዝና፣ በደረሰኝ። ሰው ስለ ክትፎ ቤትና ስለ ስልክ ቻርጀር አስተያየት ይጽፍ የለም? እኔ ደግሞ ስለ ተከራየናቸው አወያዮች ልጻፍ።

ስማቸውን አልጠራም። ጥፋታቸውንም ስለምናገር በስም ማንሳቱ ደግ አይደለም። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንድ አርባዎቹን የተሻገረ ሰውዬና አንዲት ወጣት። እሷ የቢቸና አካባቢ ልጅ ናት፤ እሱ ከተሜ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ያስፈልገናልና ያዙልኝ።

ነገሩ የምንጭ ነው።

የምንኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ጎዛምን ውስጥ ነው፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ በጠዋት ጋቢ የሚያስደርብበት ቦታ። ቧንቧ አለን። ቧንቧው ግን ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ሲጠፋ ሁላችንም ወደ ምንጯ ነን። በምንጯ ዙሪያ የወል ግጦሽ አለ፤ ሰው ይቀዳበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ከላይ በኩል ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ። መቼ ተተከለ፣ ማን ፈቀደ፣ ይህን ከነገርኳችሁ የሠፈሬን ገመና አወጣሁ ማለት ነው። ብቻ ዛፉ አድጓል፣ ምንጯ ደግሞ ከየካቲት በኋላ እየቀጠነች ሄዳለች። ከምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ አትትከሉ የሚለውን የግብርና ባለሙያዎች ስንት ዘመን ነግረውናል። ሰምተናል። ተክለናልም።

በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ የተሰበሰብን ይመስላችኋል? የቀበሌ ስብሰባ ታውቃላችሁ። ከፊት የተቀመጠው ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያወራል። ከዚያ «እስቲ ሐሳብ» ይባላል። ሁልጊዜ የሚናገሩት ሦስት ሰዎች ይነሳሉ፤ አንዱ ያመሰግናል፣ አንዱ ያማርራል፣ ሦስተኛው ከምንጩ ጋር ምንም የማይገናኝ የመብራት ጥያቄ ያነሳል። «እንግዲህ በዚህ ተስማምተናል» ይባልና ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። እውነተኛው ስብሰባ የሚጀመረው ወደ ቤት ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ሁለት ሁለት እየሆንን ነው። ደግሞ አሁን ስብሰባ የሚለውን ቃል ሲሰማ የሰው ልብ ድንግጥ የሚልበት ጊዜ ላይ ነን፤ ሰው አፉን የሚከፍተው የቆመውን ሰው ማንነት ካጠና በኋላ ነው።

ሽማግሌም ሞክረናል። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፣ የእኔንም ትዳር ያተረፉት እነሱ ናቸው። ግን ሽምግልና የሚሠራው ከተጣሉ በኋላ ነው። በዳይ አለ፣ ተበዳይ አለ፣ ካሳ አለ፣ ይቅር ተባባሉ ይባላል፣ ያልቃል። የእኛ ነገር እንዲያ አይደለም። ገና አልተጣላንም፤ ልንጣላ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚታረቅ ሰው አጥተው ነው የተመለሱት።

ስለዚህ አወያይ እናምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ሐሳቡን ቃለ ጉባኤ ላይ መጻፍ የሚከለክለኝ አልነበረም። መጀመሪያ 9,000 ጠየቁ። ተከራክረን 6,000 ላይ ቆምን፤ ለሁለት ግማሽ ቀን ውይይትና ከዚያ በፊት ላለው ዝግጅት። ቡናውና ዳቦው የእኛ።

ቀኑን ማክሰኞ አሉ። በግንቦት! ገበሬ በግንቦት ማክሰኞ ቀን በሬውን ፈቶ ስለ ምንጭ ሊያወራ? ሞፈር የማይያዝበት ቀን ካልሆነ ሰው አይመጣም ብለን ወደ 21 ማርያም አዞርነው፣ ሁለተኛውን ወደ 29 በዓለ ወልድ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ። ይህን እኛ ባንነግራቸው ከአምስት ጎረምሶችና ከእኔ ጋር ብቻ ነበር የሚወያዩት። አንድ ነጥብ ቀንሱ።

አሁን ደግሞ ጨምሩ። ከውይይቱ በፊት ሦስት ቀን መጡ። ይህን አልጠበቅሁም። ልጅቷ ሌሊት 11 ሰዓት ምንጯ ላይ ተገኝታ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወረፋ ከሚጠብቁ ልጃገረዶች ጋር ተቀምጣ ነበር። ማን እንደሚቀዳ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ማን ማንን እንደሚያስቀድም ጠየቀች። ሰውዬው የዛፉን ባለቤት ቤቱ ሄዶ አነጋገረ። መሬት የሌላቸውን ጎረምሶችም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ አገኛቸው። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው መጡ።

የብሩ ግማሽ ለዚህች ገጽ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሦስት መንገድ ነበረባት። አንደኛው፣ ምንጯንና ዙሪያዋን ማጠር፣ ከብት እንዳይገባ፣ ሣሩ እየታጨደ እንዲወሰድ። ሁለተኛው፣ ግጦሹ እንዳለ ይቀጥል፣ ግን ከታች የከብት ገንዳ ይሠራ። ሦስተኛው፣ ቦታው ለወጣቶች ተሰጥቶ ዛፍ ያልሙበት ወይ ከብት ያድልቡበት። ከእያንዳንዱ ሥር «ምን ያስከፍለናል?» የሚል መስመር አለ። ካጠርን፣ በግ ብቻ ያላት መበለት የት ታሰማራለች? ሣር እየታጨደ ይወሰድ ካልን፣ አጫጁ ማን ነው? ሴቶች መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እንዳለ ከተውነው፣ ፋንድያው ውኃው ውስጥ ነው። ለወጣት ከሰጠን ደግሞ ውኃው ራሱ ይቀራል ወይ? በነፃ የሚገኝ መንገድ ወረቀቷ ላይ አልነበረም። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ልጅቷ በእጇ ሥዕል ሥላለች፤ የሣለቻት ላም ውሻ ብትመስልም ሐሳቡ ገብቶናል።

የመጀመሪያው ቀን አጀማመር ግን... እንዴት ልበላችሁ። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ቄሱ ጸሎት አድርገው፣ ስልሳ ያህል ሰው ግራሩ ሥር ተቀምጧል። ሰውዬው ከቦርሳው የጨርቅ ኳስ አወጣ። «ለመግባባት ያህል፣ ኳሱ የደረሰው ሰው ስሙንና የሚወደውን ፍራፍሬ ይናገራል» አለ። እኛ እዚህ ሠፈር ከአያት ቅድመ አያት እንተዋወቃለን! ኳሱ መጀመሪያ የደረሰው መሪጌታ ጋ ነው፣ የቅኔ መምህር፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ኳሱን አገላብጠው አዩት። አጠገባቸው ለተቀመጠ ሕፃን ሰጡትና «እንካ፣ ለአንተ ነው የመጣው» አሉ። ሕፃኑ ይዞት ሮጠ። ኳሱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከዚያ ፍሊፕ ቻርት የሚሉት ትልቅ መጻፊያ ወረቀት ተሰቀለ። «የምትጠብቁት ነገር ምንድን ነው?» ተባለ። አንዱ ከኋላ «አበል» አለ። ተሳቀ፣ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። በየስብሰባው አበል እየተሰጠ ሰው ለራሱ ጉዳይ ሲቀመጥም እጁን መዘርጋት ለምዷል። እዚህ ላይ ሰውዬው ጎበዝ ነበር፤ ሳያፍርና ሳያሳፍር «አበል የለም፣ ገንዘቡም የራሳችሁ የዕድር ገንዘብ ነው፣ ለራሳችሁ ብትከፋፈሉት ለአንድ ሰው 100 ብር ነው፣ ቡና ይሻላል» አለ። አለቀ። ጠላ ግን እስከ መጨረሻው አይቀርብም መባሉን አባቶች በበጎ አላዩትም። እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ፣ የእኛን ጠላ አውቀዋለሁ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው ስብሰባውን ያዳነው። ከፋፈሉን። ሴቶች ከልጅቷ ጋር ወደ ሰንበቴ ቤቱ ሄዱ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አባቶች ለሁለት ተከፍለው ከግራሩ ሥር። ለምን ይለያሉ ብሎ የተቆጣ ነበር። መልሱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ምራት አማቷ ፊት አትናገርም። ብትናገርም የምትናገረው አማቷ ደስ የሚላቸውን ነው። እኔ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ አልነበርኩም፣ ባለቤቴ ናት የነገረችኝ። አንዲት ልጅ ልጇን አዝላ ሌሊት 10 ሰዓት ለወረፋ እንደምትወጣና ሁለት ጊዜ ጅብ እንዳየች ተናግራ አለቀሰች። ባሏ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ «የውኃ ችግር እስከዚህም አይደለም» ሲል ነበር። ሲደመር ሁለቱም ወረቀት ላይ ወጡ፣ ስም ሳይጠራ። ባልየው አንብቦ ዝም አለ። ቤቱ ሄዶ ምን እንዳለ አላውቅም።

የወደድኩት ደንብ አንድ ነው። አንዱን መንገድ የሚደግፍ ሰው መጀመሪያ የዚያኑ መንገድ ጉዳት ይናገራል። መጀመሪያ ሰው ግራ ገባው። «እኔ ይታጠር ባይ ነኝ፤ እንዴት አድርጌ አጥሩን ልስደብ?» አለ አንዱ። ልጅቷም «አይስደቡት አባቴ፣ ብቻ ዋጋውን ይንገሩን» አለች። ሰውየው ትንሽ አሰበና «እንግዲህ... የእህቴ በጎች መሰማሪያ ያጣሉ» አለ። እህቱ እዚያው ነበረች። ከዚያ በኋላ የሰዉ ድምፅ ሲለዝብ ይሰማችኋል። የራሱን ሐሳብ ጉዳት በአፉ የተናገረ ሰው የሌላውን ለመስማት አይቸገርም፤ ይህን እኔም በራሴ አየሁት፣ እኔ የአጥር ደጋፊ ነበርኩ።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ይህን ካልነገርኳችሁ ምንም አልነገርኳችሁም።

ሁሉም ተመልሶ አንድ ላይ ሲቀመጥ መሪጌታ እጃቸውን አነሱ። የቅኔ አገር ሰው ሲናገር ታውቃላችሁ፣ በቀጥታ አይሄድም። «ውኃውማ ደግ ነው» አሉ። «ውኃውን ማን ይከሳል? የጸናብን አፉ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ነው።» ተቀመጡ። ጸጥ አለ። ከዚያ ከጋቢ ሥር የታፈነ ሳቅ መጣ። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የቀድሞ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የባሕር ዛፉ ባለቤት፣ ጺሙን ማሸት ጀመረ።

ሰውዬው ማርከሩን ከፍቶ በትልልቅ ፊደል ጻፈ፦ «በምንጩ አፍ ላይ ያለው ድንጋይ ይነሳ።» ዞር ብሎም «ለማንሳት ስንት ሰው ያስፈልጋል? በደቦ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀ።

ወይኔ! ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ምንጯ አፍ ላይ ድንጋይ የሚባል የለም፤ ሰውዬው ሰሙን ጻፈው፣ ወርቁ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስብሰባው እዚያች ላይ ሊበተን ነበር። ሊቀ መንበሩ ዱላውን አንስቶ ሊሄድ ብድግ ብሏል።

ልጅቷ ናት የያዘችው። አልሳቀችም። «መሪጌታ» አለች፣ «ይህ ድንጋይ ከጥንትም የነበረ ነው ወይስ በሰው እጅ የተቀመጠ?» እሳቸውም አዩዋት፣ ወርቁ እንደገባት ገባቸው። «በእኛው እጅ ነው ልጄ። እኛው ተሸክመን ያስቀመጥነው ነው።» ሊቀ መንበሩን የመረጥነው እኛ ነን ማለታቸው ነው። እሷ ያን አልፈታችውም፤ ቅኔ ሰው ፊት ሲፈታ ስድብ ይሆናላ። ይልቅ ለሁሉም እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ «ከምንጯ በላይ ያለው ዛፍ ቢቆረጥ፣ ባለቤቱ ምን ያጣል?»

ይህን ጥያቄ በስንት ዓመት ስብሰባ ውስጥ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሊቀ መንበሩ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ተናገረ፣ ቁጭ ሳይል። ዛፉ ለልጁ የዩኒቨርሲቲ ወጪ የያዘው መሆኑን፣ ቋሚውን ለመሸጥ ከነጋዴ ቀብድ መቀበሉን፣ ቀብዱን መብላቱንም። መጨረሻ ላይ «ቁረጥ ካላችሁኝ አልቆርጥም አልልም፤ ብቻ ሌባ አትበሉኝ» አለ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

ልጅቷን ኋላ ቡና ላይ አመሰገንኳት። «የቢቸና ልጅ ቅኔ ሳይሰማ አያድግም» አለች፣ ኮራ ብላ። እንግዲህ አወያይ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ጎጃም ውስጥ ከሆናችሁ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ነገር ይሰማል? ወረቀት የያዘ ሰው ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ሰውዬው አንድ ከባድ ስሕተት ሠራ። ክርክሩ ስለ ወጣቶቹ ሲሆን፣ ሞቅ ብሎት መሰለኝ፣ «እኔ ብሆን ግን ለወጣቶቹ ነበር የምሰጠው» አለ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያች በኋላ አባቶች እሱን ማየት አቆሙ። ሲጠይቅ መልሱን የሚሰጡት ለልጅቷ ሆነ። የአወያይ ሐሳብ ከጨው ጋር እንደተደባለቀ አሸዋ ነው፤ ትንሽ ትበቃለች። ልጅቷን አንድ ሰው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ሲፈታተናት «እኔ ከዚህ ምንጭ አልጠጣም፣ ስለዚህ ሐሳቤ አይጠቅምም» ብላ ነበር ያለፈችው። እሷ ያለችውን ማለት እንዴት እንደሚከብድ የገባኝ ኋላ ነው።

ሌላዋ ነገሯ ዝምታዋ ነው። ትጠይቅና ትጠብቃለች። እኛ ስብሰባ ላይ ዝምታ ሲመጣ «ተስማምተናል ማለት ነው» ብለን እንዘጋለን። እሷ ግን ጣቶቿን አቆላልፋ ቁጭ ትላለች፣ አንዳንዴ ቡና እስኪቀዳ ድረስ። ከእነዚያ ዝምታዎች ከአንዱ ውስጥ ነው አንድ አባት ብድግ ብለው የ1960ን ነገር ያነሱት። የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ተብሎ የጎጃም ገበሬ ያመፀበትን፣ ወታደር የተላከበትን፣ መጨረሻ ላይ ንጉሡ ውዝፉን የማሩበትን። እሳቸው ያኔ እረኛ ነበሩ። «ግብሩ ከብዶን ብቻ አይደለም» አሉ። «ሳይመክሩን ነው የጫኑብን።» ከምንጩ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። እኔ ግን አልጠየቅሁም። ወጣቶቹ ወዲያው ነው የተነሱት፦ «እናንተስ መቼ መክራችሁን ታውቃላችሁ?» ብለው።

ወጣቶቹ የነገሩን ነገር አጭር ነው፣ መራራም ነው። መሬት የለንም፣ ትዳር የለንም፣ ስለ ምንጭ ስንሰበሰብ አጥር ቁፋሮው የእኛ ነው፣ ሣሩ የእናንተ። መልስ አልነበረንም።

ካለቀ በኋላ ነገሩ ስለ ጣመኝ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ያቺ ሦስት መንገድ ያለባት ገጽ የእነሱ ፈጠራ አይደለችም። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን የሚባል ከተማ ላይ ኬተሪንግ ፋውንዴሽን የሚባል ተቋም አለ፤ ናሽናል ኢሹስ ፎረምስ ከሚባሉት የሕዝብ መወያያ መድረኮች ጋር በመሆን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ያለ መወያያ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ኖሯል። ለአንድ ችግር ሦስት ወይ አራት መንገድ፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ ዋጋው፤ አወያዩ ከየትኛውም አይወግንም። ጄምስ ፊሽኪን የሚባል ምሁር ደግሞ ሰውን በዕጣ መርጦ፣ የሁሉንም ወገን ሐሳብ የያዘ ጽሑፍ ሰጥቶ፣ በትንንሽ ቡድን በሠለጠነ አወያይ እያወያየ፣ ከውይይቱ በፊትና በኋላ ሐሳባቸውን የሚጠይቅበት ዘዴ አለው። በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ዩጋንዳ ገጠር ውስጥ፣ በ2015 ጋና ታማሌ ከተማ ተሠርቶበታል፤ የታማሌው ውኃንም የሚጨምር ነበር። አየርላንዶች ከ2016 ጀምሮ 99 ሰው በዕጣ መርጠው፣ አንዲት ዳኛ ሊቀ መንበር አድርገው፣ በየክብ ጠረጴዛው አወያይ አስቀምጠው ስለ ውርጃ ሕግ አከራከሩ። በ2018 ሕዝቡ በድምፁ ሕጉን ቀየረ።

የእኛም አገር ባዶ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ፣ በኤች አይ ቪ ጊዜ በየቀበሌው የማኅበረሰብ ውይይት ይካሄድ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ የእኛ ጎረቤት አወያይ ነበረች፤ ስለማይነገር ነገር ቡና አፍልታ ታናግር ነበር። እሷን ፈልገን ብናመጣስ ኖሮ 6,000 ብሩ ይቀር ነበር ወይ ብዬ አስቤያለሁ። አይመስለኝም። የዛፉ ባለቤት የአጎቷ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሪፖርት በአንድ ሳምንት ብለው በአምስተኛው ሳምንት አመጡ። ሲመጣም «ባለድርሻ አካላት» የሚል ቃል በየመስመሩ ተጎዝጉዟል። ባለድርሻ ማን ነው? ጅቡም ባለድርሻ ነው? ይህ እሺ ይለፍ። ያላለፍኩት ግን «ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ ተስማሙ» የሚለውን ነው። አራት ሰዎች አልተስማሙም! ስማቸውን ሳይሆን ምክንያታቸውን በቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ደውዬ ተናገርኩ፣ ሰውዬው «ለማሳጠር ብለን ነው» አለኝ። ልጅቷ በማግሥቱ አስተካክላ ላከች። ያልተስማማ ሰው ሐሳቡ ተጽፎ ካላየ በሚቀጥለው አይመጣም። ለማሳጠር ብሎ ነገር የለም።

ምን ላይ እንደደረስንም ልንገራችሁ፣ የምትጠይቁኝ እሱን ነው። የምንጯ ዓይን ዙሪያውን 30 ክንድ ታጠረ፣ በደቦ፣ ወጣትም አባትም ቆፈረ። ከታች በሲሚንቶ የከብት ገንዳ ተሠራ። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ሣር የወጣቶቹ ሆነ፣ አጭደው ይሸጣሉ፤ የግዢው ቅድሚያ ከብት ላለቻቸው መበለቶች፣ በቅናሽ። ባሕር ዛፉ ከመስቀል በኋላ ተቆረጠ፣ ለነጋዴው ቀብድ ግማሹን ዕድሩ አገዘ። ሰውየው አኩርፎ ነው የቆረጠው፣ ግን ቆርጧል። ውኃው ጨመረ ወይ? ገና ነው፣ በጋውን እንየው።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ከአምስት ሦስት ተኩል። ለዝግጅቱና ለልጅቷ ብቻ ቢሆን አምስት እሰጥ ነበር። ኳሱ፣ ማክሰኞውና «እኔ ብሆን» አንድ ተኩሉን ወሰዱ። ስለ ዕድር ሹመት፣ ስለ ድሮ ቂም፣ ስለ ድንበር መግፋት ከሆነ አትቅጠሯቸው፣ ለዚያ ሽማግሌ አለላችሁ። ገና ላልተወሰነ ነገር፣ ሁሉም የሚያጣው ነገር ላለበት፣ ቅጠሯቸው። ስትዋዋሉም አስቀድመው ቤት ለቤት እንዲዞሩ አስጽፉ፣ ሪፖርቱን ደግሞ ራሳችሁ ሳታነቡ ብሩን ጨርሳችሁ አትክፈሉ። እኛ ጨርሰን ከፍለን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወደ ምንጯ ወርጄ ነበር። የባሕር ዛፉ ጉቶ አቆጥቁጧል፤ ከአንዱ ጉቶ ስድስት ሰባት ቀንበጥ ወጥቶ ጉልበቴ ደርሷል። ዛፉን ቆርጦ መተው እንደማይበቃ ማናችንም አላነሳንም ነበር፣ ወረቀቷም ላይ የለም። ቀንበጡን የሚሰብረው ማን ነው? ባለቤቱ «እኔ ቁረጥ ተባልኩ እንጂ ጠብቅ አልተባልኩም» ብሏል። ወጣቶቹ ሣሩ እንጂ ጉቶው የእኛ አይደለም አሉ። ለ29 ተቀጥሯል። በዚህኛው የምንከፍለው ብር የለም፣ አወያዩ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከአሁኑ «እኔ ብሆን» እንዳትል እያለች ነው።